ስንት መኝታ እንግዛ? የአዲስ አበባ የኪራይ ቤት ታሪክ የሚነግረን

ባለፈው የኮሚቴ ስብሰባችን ላይ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ሳይቋጭ ተለያየን። ማኅበራችን ባለፉት ዓመታት ካጠራቀመው ተቀማጭ ላይ የባንክ ብድር ጨምሮ የሚከራይ ቤት ለመግዛት አስቧል። ዓላማው ግልጽ ነው። የቢሮአችንንና የሕፃናት ማቆያችንን ወጪ በየዓመቱ ከደጋፊዎቻችን ብቻ ከምንጠብቅ፣ ከፊሉን በራሳችን ገቢ መሸፈን እንፈልጋለን። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እንደ እኛ ያለ ድርጅት ዓላማውን ለማስፈጸም ገቢ በሚያስገኝ ሥራ እንዲሰማራ ስለሚፈቅድ፣ ሕጉ በሩን ከፍቶልናል።

ያከራከረን መጠኑ ነው። ግማሾቻችን «አንድ ባለ ሦስት መኝታ ኮንዶሚኒየም እንግዛ፤ ትልቅ ቤት ትልቅ ኪራይ ያመጣል» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «በዚያው ገንዘብ ሁለት ስቱዲዮ ይሻለናል» አልን። ከመሥራች እናቶቻችን አንዷ ሁላችንንም ሰምተው ሲያበቁ፣ «እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር ይባላል፤ እናቴ ባለ ኪራይ ቤት ነበረች፤ መጀመሪያ የእሷን ታሪክ ስሙ» አሉን። ሰማናቸው። እኛም በሂሳብ ክፍል ያለን አባላት ነገሩን ከሥሩ ለማየት ወሰንን። ይህ ጽሑፍ ከጠቅላላ ጉባኤው ድምፅ በፊት ለሁላችሁም እንዲደርስ የተዘጋጀ ነው።

ሴቶች ቤት መግዛታቸው አዲስ ነገር አይደለም

አንዳንዶቻችን ሴት በስሟ ቤት መያዝ የጀመረችው በቅርቡ ይመስለናል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። የጎንደርን ዘመን የርስትና የቤት ሽያጭ ሰነዶች ያጠኑት የታሪክ ምሁር ዶናልድ ክራሚ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሴቶች በገዢነትም በሻጭነትም ስማቸው ሰፍሮ እንደሚገኝ አሳይተዋል። እነዚያ ሴቶች አብዛኞቹ ከመኳንንትና ከባለርስት ወገን ቢሆኑም፣ ስማቸው በወረቀት ላይ መጻፉ ዋና ነገር ነው። ወረቀት ባይኖር ኖሮ ዛሬ ስለ እነሱ የምናውቀው አይኖርም ነበር።

አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላም ሴቶች በከተማዋ የቤት ታሪክ ውስጥ አሉ። እቴጌ ጣይቱ በስማቸው የሚጠራውን የከተማዋን የመጀመሪያ ሆቴል አቋቁመዋል። ክፍል አከራይቶ ገቢ ማግኘት በዚህች ከተማ በሴት እጅ ተጀመረ ብንል ብዙ አልተሳሳትንም። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ዳግማዊ ምኒልክ የከተማ ቦታ በግል ይዞታነት እንዲያዝና እንዲሸጥ የሚፈቅድ ደንብ ካወጡ ወዲህ፣ ቦታና ቤት የሚገዛና የሚሸጥ ሀብት ሆነ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓይነት አከራይ ተፈጠረ። አንደኛው ባለርስቱ ነው። የከተማዋ ሰፊው መሬት በጥቂት ባለርስቶች እጅ ነበር። እነዚህ ሰዎች ቪላ ይሠሩ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ደግሞ በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲመሠረቱ፣ ለዲፕሎማትና ለውጭ ሠራተኛ የሚከራይ ትልቅ ቤት ተፈላጊነቱ ጨመረ። ሁለተኛዋ አከራይ ከገጠር መጥታ ጠላ ጠምቃ፣ ጠጅ ጥላ፣ እንጀራ ሸጣ ጥቂት ብር ያጠራቀመችው ሴት ናት። እሷ የምትሠራው የጭቃ ቤት ነው፤ የምታከራየውም ክፍል በክፍል ነው። ተከራዮቿ ወታደር፣ ተማሪ፣ የቀን ሠራተኛና ዝቅተኛ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ።

የመሥራቻችን እናት ከዚህች ሁለተኛዋ ወገን ነበሩ። ከሚኖሩበት ቤት ሌላ በአንድ ግቢ አራት ክፍል ነበራቸው። አራቱን በአንድ ጊዜ አልሠሩም። የመጀመሪያውን ክፍል ከጠላው ትርፍ ሠሩ፤ የክፍሉ ኪራይ ከጠላው ጋር ተደምሮ ሁለተኛውን ሠራ። አንዱ ተከራይ ሲወጣ የሦስቱ ኪራይ ይገባ ነበር። «እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ሂሳቡን ግን በግድግዳው ላይ በከሰል ታሰምር ነበር» ይላሉ። እኛ ዛሬ በኮምፒውተር የምንሠራው ሂሳብ በመሠረቱ ያው ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ታወጀ። አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያው አንድ ቤት ብቻ እንዲይዝ ተፈቀደለት። ሌላው ሁሉ «ትርፍ ቤት» ተብሎ ያለ ካሣ ተወረሰ። ቤት ማከራየት ለግለሰብ ተከለከለ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 300 ብር የነበሩ ቤቶች ኪራይ እንደ መጠኑ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ።

ስለዚህ አዋጅ የሚነገረው እንደ ተናጋሪው ይለያያል። በባለርስት መሬት ላይ በጭሰኛነትና በተከራይነት ይኖር ለነበረው ብዙ ድኻ እፎይታ ነበር። ከእኛ አባላት መካከል ብዙዎቹ ያደጉት በጥቂት ብር ኪራይ በቀበሌ ቤት ውስጥ ነው፤ ያ ቤት ባይኖር ከተማ ውስጥ መኖር ባልቻሉ ነበር። ነገር ግን አዋጁ መቶ ቪላ ያለውን መስፍንና አራት የጭቃ ክፍል ያላትን ጠላ ሻጭ አልለየም። ሁለቱም «ትርፍ ቤት» ያላቸው ተባሉ።

የመሥራቻችን እናት አራቱን ክፍሎች አጡ። የሚኖሩበት ቤት ቀረላቸው። በማግስቱም ጠላቸውን ጠመቁ። ጎረቤታቸው የነበሩ ሌላ ሴት ግን ከኪራይ በቀር ሌላ መተዳደሪያ አልነበራቸውም፤ በአንድ ቀን ባዶ እጃቸውን ቀሩ። መሥራቻችን ሲነግሩን ድምፃቸው የተሰበረው በእናታቸው ሳይሆን በእኚህ ጎረቤት ላይ ሲደርሱ ነው። «ልጅ ሆኜ እናቴ በየማለዳው አንድ ማሰሮ ጠላ ታሲዝላቸው ነበር፤ እንዲሸጡበት» አሉን።

ከዚህ የምንወስደው የመጀመሪያ ትምህርት ስለ ክፍል ብዛት አይደለም። ኪራይ ተጨማሪ ገቢ እንጂ ብቸኛ ገቢ መሆን የለበትም። ማኅበራችን ቤት ቢገዛም የቁጠባና የብድር ሥራችን፣ የምግብ ዝግጅት ክፍላችንና የአባልነት መዋጮው መቀጠል አለባቸው። ደጋፊዎቻችንም «ቤት ገዝታችኋል፤ ከእንግዲህ አትፈልጉንም» እንዳይሉን በትሕትና እናሳስባለን።

ርካሽ ኪራይ ያሳረፈውና ያፈረሰው

ከ1967 በኋላ በነበሩት ዓመታት የቀበሌ ቤት ኪራይ ባለበት ቆመ። የሲሚንቶው፣ የቆርቆሮው፣ የምስማሩ ዋጋ ግን አልቆመም። ቀበሌው የሚሰበስበው ኪራይ ጣሪያ ለማደስ አልበቃም። ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ማፍሰስ አልደፈረም። የመርካቶን፣ የአራዳንና የልደታን አሮጌ ሰፈሮች የምታውቁ የሚያፈስስ ጣሪያና የዘመመ ግድግዳ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ። ለተከራዩ የረከሰው ኪራይ ዕድሳቱን በልቶታል።

ለሂሳብ ሠራተኛ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። የሚገባው ኪራይ ሁሉ ትርፍ አይደለም። ከኪራዩ ላይ ለዕድሳት የሚቀመጥ ድርሻ በየወሩ ካልተለየ፣ ቤቱ ቀስ በቀስ ራሱን ይበላል። እኛም ለኮሚቴው ባቀረብነው የመጀመሪያ ስሌት ይህን ስህተት ሠርተናል። የ12 ወር ኪራይ ሙሉ በሙሉ እንደሚገባ ቆጥረን፣ ለዕድሳት ምንም ሳንይዝ ነበር ያቀረብነው። ስህተቱ የእኛ ነው፤ አርመነዋል።

የካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ለግል ሀብት በሩ መከፈት ጀመረ። ከመንግሥት ለውጥ በኋላ ደግሞ የከተማ ቦታ በሊዝ እንዲያዝ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 80/1986 ወጣ። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን አጸና። ስለዚህ ዛሬ ቤት ስንገዛ የምንገዛው ሕንፃውንና በቦታው የመጠቀም መብቱን እንጂ መሬቱን አይደለም። በዚህ ዘመን ግቢ ያላቸው ቤተሰቦች ከዋናው ቤት ጀርባ «ሰርቪስ» እየሠሩ ማከራየት አበዙ። ልብ በሉ፤ የኪራይ ቤት እንደገና ሲያንሰራራ የተመለሰው በዚያው በጠላ ሻጯ መንገድ፣ ክፍል በክፍል ነው።

ኮንዶሚኒየሙና የዕጣው ዕድል

የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995 በአንድ ሕንፃ ውስጥ ያለን አንድ ቤት ለብቻው በስም መያዝ የሚያስችል የሕግ መሠረት ጣለ። በገርጂ የተጀመረው የሙከራ ግንባታ ተከትሎ፣ በ1997 ምዝገባ ሲከፈት ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። በመነሻው ዕቅድ መሠረት ቤቶቹ በአራት ይከፈሉ ነበር። ከ20 ካሬ ሜትር በታች የሆነው ስቱዲዮ ከጠቅላላው 20 በመቶ፣ ከ20 እስከ 30 ካሬ የሆነው ባለ አንድ መኝታ 40 በመቶ፣ ከ30 እስከ 45 ካሬ የሆነው ባለ ሁለት መኝታ 20 በመቶ፣ ከ45 ካሬ በላይ የሆነው ባለ ሦስት መኝታ 20 በመቶ እንዲሆኑ ታቅዶ ነበር። የተሠሩት ቤቶች እንደየሳይቱ ከዚህ ሰፋ ሊሉ ይችላሉ። የካሬ ሜትር ዋጋውም ለትንንሾቹ ዝቅ እንዲል ተደርጎ ነበር። ከዕጣውም 30 በመቶው ለሴቶች ተለየ። በማኅበራችን ውስጥ በዚህ ዕጣ የቤት ባለቤት የሆኑ እህቶች አሉ።

ይሁን እንጂ ዕጣ የወጣላቸው ሁሉ ቤቱ ውስጥ አልገቡም። ቅድመ ክፍያውን ተበድረው የከፈሉ፣ ወርኃዊው የባንክ ክፍያ የከበዳቸው ብዙዎች ቤታቸውን አከራይተው እነሱ ርካሽ ክፍል ተከራይተው ኖሩ። ከአባሎቻችን ሁለቱን እናነጻጽር። ሁለቱም በአንድ ሳይት ዕጣ ወጣላቸው። አንዷ ባለ ሦስት መኝታ ደረሳት፤ «ዕድለኛ» አልናት። ተከራይዋ ሲወጣ ቤቱ ሦስት ወር ባዶ ቆመ፤ የባንኩ ክፍያ ግን አልቆመም። የወርቅ ሐብሏን ሸጣ ከፈለች። ሌላዋ ስቱዲዮ ደረሳት፤ «አይዞሽ» አልናት። ኪራዩ የባንኩን ክፍያ ሸፍኖ ጥቂት እየተረፈው፣ ባዶ በቆየበት ወርም ከደመወዟ መክፈል ቻለች። በመጀመሪያዋ ላይ የከበደው ቤቱ ሳይሆን ሸክሙ ከአቅሟ በላይ መሆኑ ነው።

ስሌቱን አብረን እንሥራ

አሁን ወደ ራሳችን ጥያቄ እንመለስ። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ ናቸው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም።

አንዱ ባለ ሦስት መኝታ በወር 30,000 ብር፣ ሁለቱ ስቱዲዮዎች እያንዳንዳቸው 14,000፣ በድምሩ 28,000 ብር ይከራዩ እንበል። የባንኩ ክፍያ በሁለቱም መንገድ በወር 15,000 ብር ይሁን። እያንዳንዱ ቤት በዓመት ሁለት ወር ባዶ ይቁም፤ የስቱዲዮዎቹ ባዶ ወራት ግን አይገጣጠሙ።

የባለ ሦስት መኝታው የ10 ወር ገቢ 300,000 ብር ነው። የሁለቱ ስቱዲዮዎች 280,000 ነው። በዓመቱ ድምር ትልቁ ቤት በ20,000 ብር ይበልጣል። ይህን መደበቅ አንፈልግም። ስቱዲዮ ደግሞ ተከራይ ቶሎ ቶሎ ሊለዋወጥበት ይችላል፤ ቀለሙ፣ ቁልፉ፣ የውኃና የመብራት ቆጣሪው ሁሉ ሁለት ሁለት ነው።

ነገር ግን ባዶውን ወር እንመልከት። ትልቁ ቤት ባዶ በቆመባቸው ሁለት ወራት ገቢው ዜሮ ነው፤ 30,000 ብር ከካዝናችን ይወጣል። ከስቱዲዮዎቹ አንዱ ባዶ ሲሆን የሌላው 14,000 ይገባል፤ የሚጎድለው በወር 1,000 ብር ነው። በአራቱ ባዶ ወራት 4,000 ብር ብቻ ይጎድላል። ለጀማሪ ይህ ልዩነት ከዓመቱ ድምር ይበልጣል። ምክንያቱም ጀማሪን የሚጥለው የዓመቱ ትርፍ ማነስ ሳይሆን፣ ተከራይ በሌለበት ወር የሚከፈል ማጣት ነው። ለእኛ ደግሞ ከካዝናችን 30,000 ብር ወጣ ማለት የአባላት ብድር ዘገየ፣ ወይም የሕፃናት ማቆያው ሞግዚት ደመወዝ ቆየ ማለት ነው።

ሌላው መታሰብ ያለበት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፤ ዘመኑ ቢያንስ ሁለት ዓመት ነው፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ጭማሪውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ይወሰናል። ይህ ተከራይ ለሆኑት አባሎቻችን ጥበቃ ነው፤ ደስ ይለናል። ለገዢ ደግሞ ትርጉሙ፣ አቅሙን ያላገናዘበ ግዢ ፈጽሞ በኋላ ኪራይ በመጨመር ማካካስ አይቻልም ማለት ነው። ስለዚህ ሂሳቡ በመጀመሪያው ኪራይ መቆም አለበት። የኪራይ ገቢ ግብሩና የጣሪያና ግድግዳ ግብሩም ከመጀመሪያው ይያዙ።

የእኛ ሐሳብ

በሂሳብ ክፍል ያለን አባላት የምናቀርበው ሐሳብ ሁለት ስቱዲዮ፣ ካልተገኘም አንድ ባለ አንድ መኝታ ገዝተን ቀሪውን ገንዘብ በተቀማጭ እንድንይዝ ነው። ከግዢው በፊት ቢያንስ የስድስት ወር የባንክ ክፍያ በተለየ ሂሳብ ይቀመጥ። ከሚገባው ኪራይም ከአሥር አንዱ ለዕድሳት ይለይ። አምስት ዓመት ቆይተን ብድሩ ሲቀልልን፣ ትልቁን ቤት ያኔ እንነጋገርበታለን።

ስንመርጥም የክፍሉን ቁጥር ብቻ አንይ። ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ስቱዲዮና አንደኛ ፎቅ ላይ ያለው እኩል አይከራዩም። ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ የጋራ መገልገያ ቤቱ ለእንጀራ መጋገሪያ ክፍት መሆኑን፣ ታክሲ መያዣው ምን ያህል እንደሚርቅ ጎረቤት እንጠይቅ። ሻጩ የዕጣ ባለቤት ከሆነ የአምስት ዓመቱ የመሸጥ ገደብ ማለቁንና የባንክ ዕዳው መዘጋቱን በወረቀት እናረጋግጥ።

ለራሳችሁ ቤት ለመግዛት የምታስቡ እህቶችም ይህንኑ ስሌት በየቤታችሁ ሥሩት። ባለትዳር ከሆናችሁ፣ በአዲስ አበባ በሚሠራበት በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጋራ የሆነን ቤት ለመሸጥም ለማከራየትም የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት እንደሚያስፈልግ እወቁ። ስማችሁ በካርታው ላይ ይስፈር። የጎንደር ሴቶች ስም እስከ ዛሬ የቆየው ተጽፎ ስለነበር ነው።

መሥራች እናታችን ይህን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት አነበብንላቸው። ስሌቱ ጋ ስንደርስ አስቆሙንና «ሁለት ይሁን፤ አንዱ ሲዘጋ አንዱ ይበራል» አሉ። ቀጥለውም የእናታቸውን አራት ክፍሎች ዛሬ ማን እንደሚኖርባቸው ነገሩን። ሁለቱ ለመልሶ ማልማት ፈርሰዋል፤ በቀሩት ሁለቱ የቀበሌ ተከራዮች ይኖራሉ። በበዓል ቀን ሄደው ቡና ይጠጣሉ። «ቤቱን አልረገምኩትም፤ ሰው ኖሮበታል» አሉን።

ጠቅላላ ጉባኤው ላይ እንገናኝ። ስሌቱን የያዘው ሙሉ ሰንጠረዥ በቢሮአችን ስላለ፣ ከጉባኤው በፊት መጥታችሁ እንድታዩት፣ ስህተት ካገኛችሁበትም እንድታርሙን እንለምናለን።